ፈር

ፈሃሂል፣ ነሐሴ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤
የሆስፒታል ወንበር ከጎኗ አስቀመጠኝ።
ማማ ሉልዋ ዐይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ፣
እንደ ጀልባ ገመድ ትስባለች አንሶላ።
«አባቴ አልወጣም፣ ሳቡት!» ትላለች፣
«ሳቡት፣ ትንፋሹ አለቀ!» ታዘኛለች።
እኔም አብሬያት እስባለሁ፣ ምን ይደረግ ታዲያ፤
ሰባ ዓመት የሰጠመ ሰው አለ ከአልጋዋ ወዲያ።

ልጇ ከሳልሚያ ደውሎ «ጃጅታለች፣ ተያት» አለ፤
መተው ለሱ ቀላል ነው፣ ገመድ በእጁ የለ።

ሐኪሙ መጣ፤ ዐይኗ ላይ መብራት አበራ፣
አንድ ቃል ጻፈና አለፈ ወደ ሌላ ተራ።
ዴሊሪየም ይላል። በምላሴ አላመጥኩት፤
የሽቶ ስም ይመስላል። ሺጂን ጠርቼ በጣቴ ጠቆምኩት።
ሺጂ የኬራላ ልጅ ናት፣ ሌሊት ሌሊት ነርስ፣
ቀን ቀን ለፈተና የቃላት ሥር የምትምስ።
«ላቲን ነው» አለችኝ፣ የግሉኮሱን ጠብታ እየቆጠረች፣
በተሰባበረ ዐረብኛ፣ አየር ላይ በጣቷ እያሰመረች፤
«‹ዴ› ማለት መውጣት ነው። ‹ሊራ› ደግሞ ያ መስመር፣
ማረሻ ካለፈ በኋላ መሬት ላይ የሚቀር።»

ሳቅሁ፤ በዚያ ሌሊት ሳቄ ከእጄ አመለጠ፤
ያባቴ ቃል በሮም ዞሮ መጥቶ ፊቴ ተቀመጠ።
«ፈር ለቀቀ እኮ ነው! እኛም እንለዋለን፣
ለሰካራም፣ ላፈ ልቅ፣ ወግ ለጣሰ እናውለዋለን።»
ሺጂ ግን አልሳቀችም። «አገርሽ ያርሳሉ?» አለችኝ፤
«እኛ ሩዝ ነው፣ በጎሽ፣ በጭቃ» ብላ እስከ ጉልበቷ አሳየችኝ።

ወረኢሉ ላይ አባቴ፣ ይመር አሊ፣ ሲያርስ፣
ቦራ የሚሉት ወይፈን ነበረው፣ ፈር የሚያፈርስ።
ጅራፍ ቢጮኽበት፣ እሱ ወደ ዳገቱ ዘመም፤
ሳር አይቶ እንዳይባል፣ እዚያ በኩል ሳር የለም።
ያን ጠማማ መስመር ክረምት ሲገባ ሄደን አየነው፣
ስንዴው በቅሎበታል፤ ስንዴ ምን ገዶት፣ ለሱ አፈር አፈር ነው።

እኔንም እንዲሁ አሉኝ፤ ሽማግሌ ሲመጣ እንቢ ብዬ፣
ደሴ ወርጄ ፎርም ስሞላ፣ ዕድሜዬ ላይ አራት ዓመት ቀጥዬ።
አጎቴ ደጃፍ ቆሞ «ይቺ ልጅ ፈር ለቀቀች» ሲል፣
አባቴ ዝም አለ፤ ቦራን እንደሚያባብል።

ኩዌት ሌላ ቃል ቆየኝ። ከጀህራው ቤት ወጥቼ
(ስምንት ወር ያለ ደሞዝ፣ ሦስት ቀን በሩን አጥንቼ)
አስፋልቱን ስሻገር፣ የቆሻሻ ከረጢት በእጅ፣
ሀሪባ ተባልኩ ወዲያው፣ ገና ሳልርቅ ከደጅ።
ኮብላይ ማለት ነው። ማንም ግን አልጠየቀ፣
ፈሩ ራሱ ገደል አፋፍ ላይ እንዳለቀ።

ማማ ሉልዋ ናት ያኔ ወረቀት ሳትጠይቅ ያስጠጋችኝ፤
«ጀልባ ሰው ከውሃ ሲያወጣ ፓስፖርት አይልም» ያለችኝ።

ሺጂ ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ጫማዋ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል።
በመስኮቱ ባሕሩ ይታያል፤ የነዳጅ መርከብ ያርሰዋል፤
ነጭ ፈር ያወጣል ከኋላው፣ ውሃው ወዲያው ይከድነዋል።
ባሕር ፈር አይዝም። ታዲያ እሷ ምኑን ለቀቀች?
ወደ አባቷ ነው የሄደች፣ ቀጥ ብላ ነው የሄደች።

ለሐኪሙ ይህን ብነግረው ለኔም ፋይል ይከፍታል።

«ሳቡት!» ትለኛለች። አንሶላውን እስባለሁ፤
ከወዲያኛው ጫፍ የከበደ ነገር አለ፣ እምላለሁ።
ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አባቷ ይሁን አባቴ፣
ወይስ ያ ወይፈን፣ ቀንበሩን እንዳነገተ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። መስኮቱ ነጣ።
እጄ ዝሏል።
አልለቀቅኩም።